ባዶ የተባለው ክፍል

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ወገኖቼ። ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል? ቶሎ አትመልሱልኝ፣ ረጋ ብላችሁ ቁጠሩ። ሰው የቤቱን ሰው ሲቆጥር ከራሱ ይጀምራል፣ ልጆቹን ያስከትላል፣ አንዳንዱማ ድመቷንም ይጨምራል፤ ሁሌ ዓይኑ ሥር ያለውን አንድ ሰው ግን ረስቶ ያልፋል። ይህን የምላችሁ በክፉ አይደለም። እግዚአብሔር የሁላችንንም ቤት ይባርክ። ግን ስለ አንድ ቅዳሜ ላውራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ዳኛዋ ወጥ ቤት ቆማ ዳቦ ትቆርጣለች። ዳኛዋ ስሟ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው በተጣላ ቁጥር እየመጣ "እስቲ አንቺ ፍረጂን" ስለሚላት የወጣላት ነው። የልብስ ገመዱን ዛሬ ማን ይጠቀም፣ ለጋራ መብራቱ ማን ይክፈል፣ ከምራትና ከአማት ማን አጠፋ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ነው የሚያልቀው። ፈጣሪዋን የምትፈራ ሴት ስለሆነች አዳልታ አታውቅም ይሏታል። እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት፣ ቢላዋው ዳቦው ላይ እንዳለ፣ የትልቁን ልጇን ድምፅ ከኮሪደሩ የሰማችው። ከቧንቧ ሠሪው ጋር በስልክ እያወራ ነው።

«አይ፣ ምንም አይከብድም» ይላል። «ቧንቧው ከግድግዳው ጀርባ ነው። ክፍሉ? ክፍሉ ባዶ ነው። አንድ አሮጌ አልጋ ብቻ ነው ያለበት።»

ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ጓሮው ቧንቧ አጠገብ፣ እትዬ ሳፋ ፊት ተቀምጣ የዚያኑ ልጅ ነጭ ሸሚዝ አንገትጌውን ታሻለች። እትዬ የዳኛዋ ባል ታላቅ እህት ናት። ዳኛዋ በመስኮቱ ቁልቁል ስታያት የእትዬ እጅ ቀጥ አለ። የሳሙናው አረፋ በጣቶቿ መሐል እየተንጠባጠበ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ማሸቷን ቀጠለች፤ እንዲያውም ጠንከር አድርጋ። ሰምታለች። ያንን ኮሪደርና ያንን ጓሮ የሚለያያቸው አንዲት ስስ ግድግዳ ናት፤ ከዚያ ማዶ የሚያስነጥስ ሰው ከዚህ ማዶ "ይማርህ" ይባላል። ዳኛዋ "አንተ ልጅ፣ ባዶ ማለት ምን ማለት ነው?" ልትል አፏን ከፈተች። ሻዩ ሊገነፍል ደረሰ፣ ወደሱ ዞረች፣ አፏንም መልሳ ዘጋችው።

ባዶ የተባለውን ክፍል ላሳያችሁ። በወጥ ቤቱና በጓሮው መሐል ያለች፣ ቤቱ ሲሠራ ለዕቃ ማስቀመጫ የታሰበች ጠባብ ክፍል ናት። አልጋው ከገባ በኋላ የቀረው ቦታ ሰው ዞር ብሎ ጫማውን ለማሰር አይበቃም። ከአልጋው ሥር የእትዬ ሻንጣ፣ ከሻንጣው ጎን የሽንኩርት ጆንያ፣ ከራስጌው ካውያ፣ ከግርጌው መሰላል፣ ምስማሩ ላይ የእትዬ ቀሚስ ከቤቱ ሰው ሁሉ ጃንጥላ ጋር። መስኮቷ ላይ የጸሎት መጽሐፏ አለ። በር የላትም። ያላት መጋረጃ ነው፤ ድሮ ቢጫ አበባ የነበረበት፣ አሁን አበባው ታጥቦ ታጥቦ ያለቀ። ካውያ የፈለገ መጋረጃውን ገለጥ ነው፤ ሽንኩርት የፈለገ ገለጥ ነው። እትዬ ልብስ ስትቀይር ከደረሱባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "ግባ፣ ግባ፣ ዕቃህን ውሰድ" ትላለች። ስትጸልይ ቢደርሱባትም እንደዚያው። እዚህ ቤት የመጣችው ትልቁ ልጅ ሊወለድ ሲል፣ አራሷን ለጥቂት ሳምንት ላግዝ ብላ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ክራባት አስሮ ባንክ ቤት ገንዘብ ይከፍላል። የእትዬ ጥቂት ሳምንት ግን አላለቀችም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ኑሮ ሰማይ ሲነካ ጊዜ መንግሥት ማካካሻ የሚባል ነገር አወጣ፤ በየቤቱ ባለው ሰው ልክ፣ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል። ተመዝገቡ ሲባል ማንም አላመነም። አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መንግሥት ሲቀበል እንጂ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም ብሎ ሳቀ። ሴቷ ልጅ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ የለኝም አለች። ትልቁን ልጅ ቤት ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ነው የሚሉት፤ ባንኩን ባያስተዳድርም ቤቱን ስለሚያስተዳድር። እሱም ለዚህ ብሎ ሰልፍ የሚቆም ሥራ የፈታ ነው አለ። እትዬ ግን የሁሉንም መታወቂያ በመሐረብ ቋጥራ ሄደችና ፀሐይ ላይ ተሰልፋ አስመዝግባቸው መጣች። ከሁሉም በኋላ ራሷን አስቆጠረች። ስትመለስ እግሯ አብጦ ነበር። ልጆቹ እትዬ ሚሊየነር ልታደርገን ነው እያሉ ቀለዱባት፤ እሷም አብራቸው ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ረሳው።

ገንዘቡ ግን አልረሳቸውም። አንድ ቀን የአምስት ሰው ተደምሮ አባትየው ሒሳብ ውስጥ ዱብ አለ። የዚያን ዕለት ሳሎን ቁጭ ብለው ሲመካከሩ አባትየው መጀመሪያ ያለው መልካም ነገር ነበር፤ በሰው ቁጥር የመጣ ስለሆነ በሰው ቁጥር ይከፋፈል አለ። ሥራ አስኪያጁ የተበታተነ ገንዘብ የውሃ ሽታ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ አንድ የሚታይ ነገር እንግዛበት አለ። እህቱ ተቀበለችና፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሁን፣ እትዬ ትረፍ፣ እጇን አላያችሁትም እንዴ አለች። ይህ ሲባል ሁሉም ፊታቸው ፈካ። ለራሳቸው ሳይሆን ለሰው የገዙ መስሏቸው ደስ አላቸው። ዳኛዋም "ይሁን፣ ደግ ነው" አለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዳኛዋ ያየችው የእትዬን እጅ ብቻ አልነበረም። እትዬ ጉልበቷ እየከዳት ነው፤ ነገ ያ ሳፋ ማን ፊት እንደሚቀመጥ ዳኛዋ አሳምራ ታውቃለች። በዚያ ምክር ላይ እትዬ አልነበረችም፤ ወጥ ቤት የእራቱን ሳህን ታጥባለች። ሊጠራት የተነሣ የለም። በማግስቱ "ገዛንልሽ" ተባለች እንጂ "ምን ይገዛልሽ?" አልተባለችም። ማሽኑ ከተከፈለበት በኋላ ደግሞ የት እንደሚቆም ታሰበ። ወጥ ቤቱ ጠበበ፤ መታጠቢያ ቤቱ በሩ አላስገባው አለ። ውሃ የሚገባበትም የሚወጣበትም አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ፤ እሱም የእትዬ ክፍል ነው።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ ክፍሉ አላነሣም። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እያየ ያኝካል። ሴቷ ልጅ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አነሣች፤ ትናንት አንድ ዋጋ፣ ዛሬ ሌላ ዋጋ፣ ነጋዴውም ሳቀብኝ ብላ አወራች። አባትየው ለሥራ ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል። እትዬ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች፣ ዓይኗን ከብርጭቆዋ ሳታነሣ፣ ቧንቧ ሠሪው በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው ብላ ጠየቀች። ልጁ አሁን መንገድ ላይ ነው ሲላት፣ እንግዲያስ ሰውየው እንዳይቸገር አልጋውን ቀደም ብዬ ላውጣው አለች። ዳኛዋ አንድ ቃል ልትናገር ጀምራ ተወችው። ሻይ ጠጣችበትና ወረደ። "ቆይ እኔም አግዝሻለሁ" አለች። ስለዚያ ክፍል ያን ጠዋት ከአፏ የወጣው ይህቺ ብቻ ናት።

አልጋውን ሁለቱ ሴቶች አወጡት። እትዬ ብሎኖቹን የት እንዳሉ ታውቃለች፤ አንደኛው ከጠፋ ብዙ ጊዜው ነው፣ በገመድ ነው የያዘችው። ሲፈታ ፍራሹ ሥር የልጆች ነገር ተገኘ፤ የፕላስቲክ መኪና፣ ጎማው የወለቀ። የሥራ አስኪያጁ ነው። ትንሽ ሆኖ ነጎድጓድ ሲያጓራ ከእናቱና ካባቱ መሐል እየተነሣ፣ በጨለማ ኮሪደሩን ዳብሶ፣ ያንን መጋረጃ ገልጦ እዚህ አልጋ ላይ ነበር የሚገባው። እትዬ መኪናዋን በቀሚሷ ጠራርጋ አየቻትና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። የአልጋው ራስጌ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ፍራሹም ከጎኑ እንደ ሰካራም ጎበጥ ብሎ ቆመ። ሻንጣዋ ላይ የጸሎት መጽሐፏ ተቀመጠ።

ቧንቧ ሠሪው አፉ የማያርፍ፣ መልካም ሰው ነው። ገና ሲገባ ኮሪደሩን በጎኑ እየሾለከ፣ ይህ ደግሞ የማን ዕቃ ነው፣ ሊጣል ከሆነ እኔ አወርደዋለሁ አለ። ሥራ አስኪያጁ "የድሮ ነው" ብሎ ወደ ክፍሉ መራው። እትዬ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማለች።

«የኔ ነው» አለች።

ቧንቧ ሠሪው ዞር ብሎ አያት። ከዚያ አልጋውን አየ፣ ክፍሏን አየ፣ መልሶ እሷን አየ። «ይቅርታ እማማ» አለና መብሻውን ሰካ። ግድግዳው ሲበሳ ቤቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ነጭ አቧራ እየተግተለተለ ወጣ። እትዬ መጥረጊያ ይዛ ከኋላው ከኋላው ትጠርጋለች። መሐል ላይ ቧንቧው ፈነዳና ውሃው ሲንፎለፎል ሰውየው ጨርቅ፣ ጨርቅ እያለ ተጣራ። አጠገቡ የነበረው መጋረጃው ነው። ከሽቦው መንጭቆ ቀዳዳውን ወተፈበት። ውሃው ቆመ። መጋረጃውን ጨምቆ ሲሚንቶውን ጠረገበትና ጓሮ ወረወረው። ማንም ልብ አላለም፤ ማለቴ ከአንድ ሰው በቀር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤታቸው አትክልት ሻጯ እያለከለከች መጣች። ከተከራይዋ ጋር ተጣልታለች፤ ሴትዮዋ ደረጃው ሥር ዕቃዋን አስቀምጣ መተላለፊያ ዘጋችብኝ፣ ወይ ታንሣ ወይ ትውጣ፣ ፍረጂኝ ነው የምትለው። ዳኛዋ ሌላ ጊዜ ቢሆን ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ግራ ቀኙን ሰምታ ትናገር ነበር። ዛሬ ግን ብርጭቆ እያደረቀች ቆማ ቀረች። አትክልት ሻጯ ይህን ስታይ ዓይኗን ኮሪደሩ ላይ አሳረፈች።

«ምነው፣ እናንተስ ማንን አስወጣችሁ?» አለች፣ እየሳቀች። ቀልዷን ነው። ሴትዮዋ ነገር አታውቅም።

ዳኛዋ ግን የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ማሽን ልናስገባ ነው አለቻት። አትክልት ሻጯ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እትዬን አቅፋ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ እንግዲህ እንደ እመቤት እግርሽን ሰቅለሽ ተቀመጪ አለቻት። እትዬ በእጇ ጀርባ አፏን ሸፍና ሳቀችላት። ጎረቤቲቱ ፍርዷን ሳታገኝ ሄደች፤ ስትወጣ እግሯ የአልጋውን ብረት መታው። እትዬ "እኔን!" አለች፣ የራሷ እግር የተመታ ይመስል።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ በሁለት ተሸካሚ መጣ። ነጭ ነው፤ እንደ ሙሽራ የሚያበራ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሲገባ ልክክ አለ፤ ልኩ ተወስዶ የተሠራለት ነው የሚመስለው። ሴቷ ልጅ የመጀመሪያውን ልብስ ራሷ ከተተችና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ለእትዬ አሳየቻት። ይህ ለነጭ፣ ይህ ለቀለም፣ ይህንን አትንኪው አለቻት። ማሽኑ ውሃ ሲስብ እንደ ተጠማ በሬ ድምፅ አሰማ። ሁሉም አጨበጨቡ። በርጩማ አምጥተው እትዬን ፊቱ አስቀመጧት፣ አሁን አንቺ ቁጭ ብለሽ ማየት ነው እያሉ። እሷም ተቀመጠች። በመስታወቱ ውስጥ ልብሱ ሲገለባበጥ ታያለች፤ ሸሚዙ፣ የአባትየው የሥራ ካፖርት፣ የራሷ ነጠላ። እጇን መጀመሪያ ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ብብቷ ሥር፣ ከዚያ መልሳ ጉልበቷ ላይ። ለቅሶ ቤት የመጣች፣ ግን ሟቹን የማታውቅ ሰው ነው የምትመስለው። ዳኛዋ ከወጥ ቤት ሆና ይህን አየችና የምትልጠውን ድንች ትታ ግድግዳውን ተደገፈች። ጌታዬ ሆይ፣ ምን ሠራን አለች፤ በሆዷ ነው ያለችው።

አባትየው ሲመሽ ገባ። ቀኑን ሙሉ መሪ ሲይዝ የዋለ ሰው ነው፤ ትከሻውን እያሸ ኮሪደሩን ሲያልፍ አልጋው ፊት ቆመ። ይህን አልጋ ያውቀዋል። ከእናታቸው ቤት ነው የመጣው፤ ልጅ ሳሉ ከእህቱ ጋር ራስና እግር ሆነው ተኝተውበታል። እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈና የት ልትተኛ ነው ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ከሳሎን ሆኖ ሶፋው ላይ፣ ፍራሹን እናነጥፍላታለን፣ እንዲያውም ከዚያ ከታፈነው ይሻላታል አለ። አባትየው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አወለቀ። እራት ተበላ፤ ሾርባው ጨው በዝቶት ነበር፣ ማንም አላነሣውም። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ኳስ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሶፋው አንድ ጫፍ ላይ፣ እህቱ ሌላው ጫፍ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ አባትየው መሐላቸው። አንዱም በሰው አልጋ ላይ ተቀምጫለሁ ብሎ አላሰበም።

ዳኛዋ ብርጭቆ ልትመልስ ወጥ ቤት ስትገባ እትዬን አገኘቻት። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ራሷን ከቁም ሣጥኑ አስደግፋለች። ብርድ ልብሷ ታጥፎ ጭኗ ላይ ነው፣ ትራሷ በላዩ። ጨዋታው እስኪያልቅ እየጠበቀች ነው። አውቶቡስ የምትጠብቅ መንገደኛ ነው የምትመስለው። ዳኛዋ በሩን በቀስታ መለሰችና አጠገቧ ቁጭ አለች፤ ወንበር ስላልነበረ ወለሉ ላይ።

«እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ ዝም አልሽ።»

«ምን ልበል፣ ዳኜ? እናንተ ለኔ ብላችሁ ነው።»

ከሳሎን ጩኸት መጣ። አንዱ ጎል ስቷል መሰል ሥራ አስኪያጁ ተንገበገበ። ከዚያ ዳኛዋ ቀደም ብሎ መጠየቅ የነበረበትን ጠየቀች፤ ያ ገንዘብ ያንቺም ድርሻ ነበረበት፣ እጅሽ ላይ ቢሰጡሽ ኖሮ ምን ትገዢበት ነበር አለቻት። እትዬ መጀመሪያ ሳቀች። ሲቆይ ግን የዳኛዋን ዓይን አይታ የምሯን እንደጠየቀቻት ገባት።

«በር» አለች።

«የምን በር?»

«የክፍሌ ነዋ። ለምዝገባው ተሰልፌ ስመለስ አናጢው ጋ ገብቼ ጠይቄው ነበር። ቀላል ያለ፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ የሆነ። ገንዘቡ ከመጣ እመጣለሁ አልኩት።» ብርድ ልብሷን አስተካከለች። «ጸሎት ላይ ስሆን እንዳላቋርጥ ብዬ ነው እንጂ፣ ሌላ የምደብቀው እንኳ የለኝም። አሁንማ በሩስ ለየትኛው ክፍል ይሆናል?»

ዳኛዋ ቆጠረች። ስንት ጊዜ ነው ያንን መጋረጃ ገልጣ ሽንኩርት ያነሣችው? እትዬ ተንበርክካ ሳለ እንኳ "አይዞሽ፣ ቀጥዪ" እያለች በላይዋ ተሻግራ መሰላል ወስዳለች። የሰው ምራትና የሰው ተከራይ ስትዳኝ የኖረች ሴት፣ የራሷ ወጥ ቤት ግድግዳ ሥር ያለውን አላየችም። አይታለች እንጂ። አይታ ነው። ከወለሉ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ሳሎን ገብታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

ልጆቹ መጀመሪያ አንገታቸውን ግራና ቀኝ እያደረጉ በሷ አልፈው ለማየት ሞከሩ። ሥራ አስኪያጁ እማዬ ሸፈንሽን አለ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ያ ማሽን ከዚያ ክፍል ይውጣ» አለች። «አሁን።»

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ማስረዳት ጀመረ፤ ግድግዳው ተበስቷል፣ ሰውየው ተከፍሎታል፣ ሌላ ቦታ የለም፣ ደግሞስ የተገዛው ለማን ሆነና ነው፣ እትዬ ራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ አልጋውንም በገዛ እጇ ነው ያወጣችው። የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ለዚህ ነው የከበዳት።

«ጠዋት ክፍሉ ባዶ ነው ስትል ሰምታሃለች» አለችው ዳኛዋ። «ቧንቧው ሥር ነበረች። በእጇ የነበረው ያንተ ሸሚዝ ነው።»

የልጁ ጆሮ ቀላ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ኳሱን የሚያስተላልፈው ሰውዬ ብቻውን ይጮኻል፤ ሴቷ ልጅ ድምፁን አጠፋችው። ዳኛዋ ቀጠለች፤ አሁን ግን ድምፅዋ እንደ ቅድሙ አልነበረም። አንተን ብቻ አልወቅስም፣ እኔም ሰምቼ ዳቦ ቆርጫለሁ አለች። አባትየው እስከዚያ ድረስ መዳፉን እያየ ነበር። ተነሣ፣ እጅጌውን ሰበሰበና ወደ ክፍሉ ሄደ። ቱቦው ሲነቀል፣ ውሃው ወለሉ ላይ ሲደፋ ሰሙ። ከዚያ ድምፁ መጣ። «ና፣ ባንድ በኩል ያዝልኝ» አለው ልጁን።

አባትና ልጅ ማሽኑን እየገፉ፣ እየጎተቱ፣ ወለሉን እየፋቁ ሳሎን አመጡት። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ፣ ነጭ፣ ያለ ቦታው የተገኘ እንግዳ መስሎ። ነገ የት እንደሚሆን ነገ ይታሰባል ተባለ። አልጋው ተመልሶ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ብሎኖቹን ሲያስር አንዱ እንደጎደለ አየና እስከ ዛሬ በምን ነበር የያዘችው ብሎ እናቱን ጠየቃት፤ በገመድ አለችው። ገመዱን ራሱ ፈልጎ አሰረው። እትዬ ቆማ ታያለች። ተዉ፣ አትድከሙ፣ ሶፋውም ይበቃኝ ነበር እያለች ነው። ልጁ ጨርሶ ሲነሣ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷ ኪሷ ገባችና ያቺን ጎማ የሌላት መኪና አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እሱም መኪናዋን ጨብጦ፣ ለጥቂት ጊዜ እንደ ልጅ ቆሞ፣ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

ዳኛዋ መጋረጃውን ፍለጋ ጓሮ ወጣች። ሲሚንቶው ደርቆበት እንደ ጣውላ ቀጥ ብሏል። መኝታ ቤቷ ገባችና ከራሷ መስኮት ላይ መጋረጃውን አወረደች፤ ለእንግዳ ብላ የገዛችው፣ ደህናው ነው። ባሏ መሰላሉን ያዘላትና የእትዬ ክፍል ላይ ሰቀለችው። መሰላሉን ወዴት እንደሚመልሱት ሲያስቡ ተያዩ። ሳሎን፣ ማሽኑ አጠገብ አቆሙት። ሽንኩርቱንም፣ ካውያውንም፣ ጃንጥላዎቹንም አውጥተው እዚያው ደረደሩ። ሳሎኑ የዕቃ ቤት መሰለ። ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ፣ ሻንጣዋና የጸሎት መጽሐፏ ቀሩ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጠዋት ያልነበረ ቀዳዳ።

ቤቱ ጸጥ ሲል ዳኛዋ ሻይ አፍልታ፣ ስኳሩን እትዬ እንደምትወደው በዛ አድርጋ፣ ብርጭቆውን ይዛ ሄደች። ልታዋያት ፈልጋለች። ይቅርታ ልትጠይቃት፣ አልቅሳ ሊወጣላት፣ "ምንም አይደል ዳኜ" ስትላት ሰምታ ቀልሏት ልትተኛ። እጇ እንደ ልማዱ መጋረጃውን ሊገልጥ ሄዶ ጫፉን ያዘ። ከዚያ ለቀቀችው።

«እትዬ፣ ልግባ?»

ከውስጥ ድምፅ ጠፋ። ተኝታ አይደለም፤ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማል። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ፣ ሲጠየቁ ምን እንደሚባል ሳታጣው አልቀረችም። ዳኛዋ ብርጭቆው ጣቷን እያቃጠላት ጠበቀች።

«ዛሬስ ይቅር፣ ዳኜ» አለች እትዬ፤ ቁጣም የለበት፣ ዝግ ያለ ድምፅ ነው። «ነገ ነይ።»

ዳኛዋ ሊከፋት ዳዳ። በገዛ ቤቷ ማንም መልሷት አያውቅም። ቆማ ቆማ፣ ሻዩን መጋረጃው ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጠችና በእግሯ ጣት እየተራመደች ተመለሰች። እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ መስኮቷ ባዶውን ነበርና የመንገዱ መብራት ፊቷ ላይ አደረ።

በሉ እንግዲህ፣ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ባዶ ነው የምትሉት ክፍል ካለ ሂዱና በሩን አንኳኩልኝ። በር ከሌለው ደግሞ መጋረጃው ውጭ ቁሙና "ልግባ?" በሉልኝ፤ መልሱንም ጠብቁ።